መጨረሻውን የሚነግሩን ይባረኩ!

ያዩትን ፊልም መጨረሻ በሆዳቸው ይዘው የሚቀመጡ ንፉጎች አሉ። ደግነቱ ብዙ አይደሉም። አብዛኛው ሰው ቸር ነው። ሳትጠይቀው ያካፍልሃል።

ባለፈው ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት ስወርድ እንዲህ ያለው ቸር አጠገቤ ተቀመጠ። አውቶብሱ ውስጥ ሰውን ከሕዋሱ ቀድቶ ስለማባዛት (ክሎኒንግ ስለሚሉት) የሚያወራ ፊልም ተከፈተ። የጠፋ ሳይንቲስት፣ የተደበቀ ላብራቶሪ፣ ሽጉጥ፣ ዝናብ። ልቤ ተንጠለጠለ። ገና ከከተማው ሳንወጣ ጎረቤቴ በክርኑ ጎሸም አደረገኝና፣ አውቶብሱ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ «ወንድሜ፣ ዋናው ሰውዬ እኮ ራሱ ቅጂው ነው!» አለኝ።

ምን ያህል ድካም እንዳቀለለልን አስቡት። እስከ ጣርማ በር በጥርጣሬ ልንንገላታ ነበር! ከዚያ በኋላም አልተለየንም። «አሁን በሩ ይከፈታል» ይላል። ይከፈታል። «አሁን ትጮሃለች» ይላል። ትጮሃለች። በአንድ ቲኬት ፊልሙን ሁለቴ አየሁት፤ መጀመሪያ በጆሮዬ፣ ቀጥሎ በዓይኔ። ማባዛት ማለት ይሄ አይደል? (እኔም አንዳንዴ እንደሱ ለመተረክ እሞክራለሁ፤ ግን መሐል ላይ ይጠፋብኛል። ተሰጥኦ ይፈልጋል።)

ፊልሙ ራሱ ውለታ የሚገባው አልነበረም። ማታ ሰውዬው ደም ይቀዳል። ጠዋት ቅጂው ጋን ከሚያክል ብርጭቆ ከነጺሙ ይወጣና የሚስቱን ስልክ ቁጥር በቃሉ ይደውላል። በደህናው ሳይንስ ቅጂም ቢሆን እንደ ማንም ተረግዞ፣ ሕፃን ሆኖ ነው የሚወለደው። ዘግይቶ የመጣ መንታ በሉት። ትዝታ ደግሞ በዘር አይወረስም። እ.ኤ.አ. በ1996 ስኮትላንድ ውስጥ የተወለደችው በግ፣ ዶሊ፣ ከአንዲት የስድስት ዓመት በግ የጡት ሕዋስ ነው የተቀዳችው። 277 ጊዜ ተሞክሮ በሕይወት የተገኘችው እሷ ብቻ ናት።

ይህን ለጎረቤቴ ላስረዳው ስጀምር፣ «ቆይ፣ አሁን መኪናው ይፈነዳል» ብሎ አስቆመኝ። ፈነዳ። ከኋላችን ባናቸውን ጭናቸው ላይ ያደረጉ የመንዝ እናት ግን ሰምተውኝ ኖሯል።

«ለአንዲት ግልገል ይህን ሁሉ? አውራ አጥተው ነው ልጄ?» አሉኝ።

ከፊልሙ ንግግር ሁሉ ይህቺ ትሻላለች።

የጣርማ በርን ዋሻ እንዳለፍን የፊልሙ ምስጢር ወጣ። ቅጂዋ ለካ ሚስትየዋ ናት! ሚስትየዋ እስከዚያ ድረስ የታየችው ሁለቴ ነው፤ አንዱ ቡና ስታቀርብ። ተሳፋሪው ፊልሙን ትቶ ወደ ጎረቤቴ ዞረ።

«ይሄ የተቆራረጠው ነው» አለ፣ ዓይኑን ሳያሽ። «ትክክለኛው እኔ ያልኩት ነው።»

እውነቱን ለመናገር የሱ መጨረሻ ይሻል ነበር። ራሱን ሲያሳድድ ኖሮ ራሱን የሚያገኝ ሰው፣ እሱስ ታሪክ ነው። ሠሪዎቹ ከመቅረጻቸው በፊት በዚህ መንገድ አንዴ ተሳፍረው ቢሆን ኖሮ ስንት ገንዘብ ይተርፋቸው ነበር።

ደብረ ሲና ስንቆም ሻጮቹ መስኮቱን ከበቡት። ለጎረቤቴ ቆሎ ገዛሁለት። ቸርን ሰው በባዶ እጅ አይሸኙትም፤ በዚያ ላይ ሲያኝክ ዝም ይላል ብዬ ነው።

አንድ እፍኝ ቃመና፣ «ክፍል ሁለት ላይ ደግሞ...» አለኝ።