ይድረስ ለክቡር ክሊራንስ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፡- ይልቀቁኝ ዘንድ ስለመጠየቅ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከናፍቆትዎ በስተቀር ደህና ነኝ። ናፍቆቱም ለደብዳቤው ወግ ያህል የገባ ነው። ሰው የሚናፍቀው የተለየውን ነው፤ እርስዎ ደግሞ፣ «ዕዳ የለበትም» ተብሎ በየክፍሉ የሚፈረምብዎ የመልቀቂያ ወረቀት፣ ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ተለይተውኝ አያውቁም። ያኔ የዶርም ቁልፍ ተረክበው፣ ፍራሽ ቆጥረው፣ ሚል ካርዴን ነጥቀው ሸኙኝ፤ ዘመድዎ ወጪ መጋራት ደግሞ ዲግሪዬን ይዞ ቀረ። ከዚያ ባንክ ቤት ተቀጠርኩና ድምፅዎ ጠፋ። ተረሳስተናል ብዬ ነበር።

ይህን የምጽፍልዎ የባንክ ሥራዬን ትቼ አናጺ ስለሆንኩ ነው። ሆንኩ ማለቴ እንኳ ድፍረት ነው፤ እርስዎ ገና አልፈቀዱም።

ሥራ ልለቅ ነው ስል ያላስፈራራኝ ሰው የለም። እናቴ «ጥጋብ ነው» አለች። ጓደኞቼ ላሜን በሰማይ አሰማሯት። አንዱ ገበያ የለም አለኝ፣ አንዱ መጋዝ ጣትህን ይበላዋል፣ አንዷ ደግሞ ከረባት የፈታ ወንድ ማን ያገባዋል አለች። የደገፈችኝ አክስቴ ብቻ ናት። «ጸራቢው ዮሴፍስ ሥራው ምን ነበር?» ብላ ቤቱን ሁሉ ዝም አሰኘችልኝ፤ ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ግን «እሱ ግን ባንክ ቤት ለቆ አልነበረም» ብላ የድጋፏን ግማሽ መልሳ ወሰደች። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው አትስደቡ ብለው አዋጅ አስነግረዋል ይባላል። አዋጁ እኛ ሰፈር ገና አልደረሰም። እናቴ ዛሬም «ልጅሽ ምን ይሠራል?» ስትባል «ለጊዜው ከባንክ ቤት አረፍ ብሎ ነው» ነው መልሷ።

ከዚህ ሁሉ መካሪ መሐል «ክሊራንስስ?» ያለኝ አንድ ሰው አልነበረም።

ለምን ለቀቅህ ካሉኝ፣ እርስዎ እንኳ ይፈርዱልኛል። ከመስኮቱ ወዲያ ቆሞ ለሚያየን ሰው ሥራችን ወንበር ላይ ተደላድሎ ብር መቁጠር ነው። ማታ ካሽ ሲዘጋ ግን ሌላ ነው። ጉድለት ከተገኘ ጉድለቱ የገንዘብ ያዡ ነው፣ ከደመወዙ ይቆረጣል፤ ትርፍ ከተገኘ ትርፉ የባንኩ ነው። ሲስተም ሲጠፋ ደንበኛው ሲስተሙን አይሰድብም፤ ፊት ለፊቱ ያለሁት እኔ ነኝ። ይህንንስ ለመድኩት። ያልለመድኩት ተቀማጭ ማሰባሰብ የሚሉትን ነው። ታርጌት ይሰጠናል፣ ዘመድ አዝማድ አካውንት ከፍቶ ያልቃል፣ ሰኔ ሲቃረብ ጎረቤት ስልክ አያነሣልንም። የእኛ ቅርንጫፍ ልጅ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ «እግዜር ያጽናዎ» ብሎ ሳይጨርስ የሟችን ወንድም «ሒሳብዎ የት ባንክ ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። በወሩ ምርጥ ሠራተኛ ተብሎ ተሸለመ። እያጨበጨብኩለት ነው ልቤ የወጣው።

ማመልከቻዬን አስገባሁ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል ይላል። ማስጠንቀቂያውን ሰጠሁ፤ ቀኑም ሞላ። የሰው ሀብት ክፍሏ ልጅ መሳቢያ ከፍታ እርስዎን አወጣችና በሁለት እጇ ሰጠችኝ። ከዚያ በፊት ያ ቤት ምንም ነገር በሁለት እጁ ሰጥቶኝ አያውቅም።

አንድ ገጽ ነዎት። ከፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ ሲባዙ ኖረው ፊደልዎ ደብዝዟል፤ ከግርጌዎ አንድ ጡረታ የወጡ ኃላፊ ግማሽ ፊርማቸው አብሮ ታትሞ ቀርቷል። በትውልድ መሐል የማይጠፋ ፊርማ ማየቴ የመጀመሪያዬ ነው። ክፍል፣ ስም፣ ፊርማ፣ ቀን የሚሉ ሣጥኖችዎ ከላይ እስከ ታች ተደርድረዋል። ይህ ሁሉ ክፍል እንዳለን የማውቀው በእርስዎ ነው። ቤተ መጻሕፍት ጭምር! ከመኪና ማቆሚያው በስተጀርባ፣ ከጄኔሬተሩ አጠገብ። የቤተ መጻሕፍቷ እህት «መጽሐፍ ተውሰሃል?» አለችኝ። ቤቱ መኖሩንም አላውቅም ነበር ስላት ቅር አላት፤ ቢሆንም ማጣራት አለብኝ ብላ ለማግስቱ ቀጠረችኝ።

የንብረት ክፍሉን ነገር ግን ረጋ ብዬ ላጫውትዎ።

የንብረት ክፍሉ ጋሼ መዝገቡን ገለጡና ጣታቸውን በስሜ ላይ አሳረፉ። «አንድ ካልኩሌተር አለብህ።» ካልኩሌተሩን የተረከብኩት መጀመሪያ በተቀጠርኩበት ቅርንጫፍ ነው፤ ስዛወር በእኔ ቦታ ለገባው ልጅ አስረክቤዋለሁ። ልጁ ሌላ ባንክ ገብቷል። «ታዲያ እሱ እንዴት ክሊራንስ ጨረሰ?» አልኳቸው። «በእሱ ስም ምን አለና? ያለው ባንተ ስም ነው።» ይህን መልስ የሚያሸንፍ ጠበቃ ካለ ያሳዩኝ።

ክርክር ከሚበዛ ብዬ ያንኑ ዓይነት ካልኩሌተር አዲስ ገዝቼ፣ ከነካርቶኑ ይዤ መጣሁ። ጋሼ ከካርቶኑ አወጡት፤ ፊቱን አላዩትም፣ ጀርባውን ገለበጡት። «ቁጥር የለውም።» የንብረት መለያ ቁጥሩን ማለታቸው ነው። «አዲስ እኮ ነው ጋሼ!» «አዲስ መሆኑማ ነው ችግሩ፤ አዲስ ዕቃ የሚገባው በግዥ በኩል ነው።» ከዚያ ወዲያ ወደ ድሮው ቅርንጫፍ ወጣሁ ወረድኩ። አሮጌውን ያገኘሁት ጥበቃው ዘንድ፣ የእንግዳ መመዝገቢያው ደብተር ገጹ እንዳይገለጥ ከላይ ተጭኖበት ነው። የሰባት ቁልፉ ወልቋል፤ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል። ጋሼ ጀርባውን ገለበጡ፣ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ቁጥሩን አነበቡ፣ ፊታቸው ፈካ። ይሠራል ወይ ብለው አልጠየቁኝም። ፈረሙ።

ሌላውን ሁሉ ልዘርዝር ብል ወረቀት አይበቃም። ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ስብሰባው ሲያልቅ ምሳ ነው። ከምሳ በኋላ ይፈርማሉ፣ ማኅተሙ የተቆለፈበት መሳቢያ ቁልፍ ያለባት ልጅ ደግሞ ለቅሶ ደርሳ ትቀራለች። ኦዲት «መጀመሪያ ፋይናንስ ይፈርም» ይላል፤ ፋይናንስ «ኦዲት ሳይፈርም እኛ ምን ብለን?» ይላል። ሁለቱ ቢሮዎች አንድ ኮሪደር ላይ ፊት ለፊት ናቸው፤ በራቸው ሲከፈት ይተያያሉ።

ክቡር ክሊራንስ ሆይ፣ አዋጁንም ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። የሥራ ውል ሲቋረጥ ለሠራተኛው የሚገባው ክፍያ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ይከፈለው ይላል፤ የሥራ ልምድ ማስረጃም ያለ ክፍያ ይሰጠው ይላል። ደስ ብሎኝ ገጹን ሳልገልጥ ዓይኔ ከዚያው አንቀጽ ጅራት ላይ አረፈ፦ ሠራተኛው የተረከበውን ንብረት ወይም ሒሳብ በራሱ ጥፋት ሳያስረክብ ከዘገየ ጊዜው ይራዘማል። አሃ! ቤትዎ እዚህ ነው ለካ። ሕግ አውጪው ትንሽ ስንጥቅ ትቷል፤ እርስዎ እዚያ ስንጥቅ ውስጥ ገብተው ኮንዶሚኒየም ሠሩበት። «በራሱ ጥፋት» የምትለዋን ቃል ግን የትኛው ክፍል እንደሚያስፈርምባት አላገኘሁም።

የመጨረሻ ደመወዜና ያልወሰድኩት የዓመት ፈቃድ ክፍያ እርስዎ ዘንድ ተቀምጧል። በእሱ ልገዛው የተስማማሁት የእንጨት መሰንጠቂያ ማሽን ደግሞ መርካቶ፣ ሻጩ ዘንድ ተቀምጧል። ሻጩ መጀመሪያ ሰሞን «ወንድሜ ገንዘቡ መጣ?» ይለኝ ነበር። አሁን «ወንድሜ»ን ትቶታል።

የአጎቴ ጉዳይ ደግሞ አለ። ገንዘብ ያዥ ስሆን ዋስ የሆኑልኝ እሳቸው ናቸው። ሥራ መልቀቄን የሰሙ ቀን ደውለው አልተቆጡኝም፣ አልመከሩኝምም። «ዋስነቱ ወርዷል?» ብቻ አሉኝ። አልወረደም። ዋስ የሚወርደው እርስዎ ሲያልቁ ነው። ከዚያ ወዲህ ሲደውሉ ሰላምታቸው ይህ ሆኗል፤ ለበዓል እንኳን አደረሰህ ሲሉኝ ከኋላው ተከትሎ ይመጣል። እሳቸውም ከሥራ ቦታቸው ብድር ሊወስዱ ፈልገው የእኔ ዋስትና ስላለባቸው ተይዘዋል። እንግዲህ እኔ በአንድ ወረቀት ተይዣለሁ፣ አጎቴ በእኔ ተይዘዋል፣ የአጎቴ ጣሪያ ቆርቆሮ በአጎቴ ተይዟል፤ ክረምቱ ደግሞ ዋስ አይጠብቅም።

እንዲያው ውለታዎን ልርሳ ብል ግን ግፍ ይሆንብኛል። ያን ያህል ዘመን ስሠራ ዋናው መሥሪያ ቤት ማን እንደሆንኩ አያውቅም ነበር። ስለቅ ግን ሁሉም ክፍል ስሜን ከነአያቴ አወቀ። በየፎቁ «ለምን ትለቃለህ?» ተባልኩ። ብድር ክፍል ያሉ አንዱ ጎልማሳ በሩን ገርበብ አድርገው «ለመሆኑ የአንድ ቁም ሳጥን ትርፉ ስንት ነው?» ብለው ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው፤ ወደ መስኮቱ ዞረው ትንሽ ቆዩና ሳያነቡ ፈረሙ። በሌላ ቀን ስልኬን ጠይቀውኛል። ለቁም ሳጥን እንዳይመስልዎ።

ወደ ሥራዬ ልምጣ። ሰው ያስፈራራኝ ነገር ሁሉ እውነት ነው፤ ግን አብሮት መኖር ይቻላል። መብራት ይሄዳል፣ ስንጠብቀው ይመጣል። ደንበኛ ቀብድ ሰጥቶ «ቡኒውን ወደ ነጭ ቀይርልኝ» ይላል። የዋንዛ ዋጋ አይቀመስም፤ የተጨመቀው እንጨት ኤምዲኤፉም ቢሆን በባለፈው ሳምንት ዋጋው ዛሬ አይገኝም። ማታ እጄ በኮላ ተጣብቆ፣ አፍንጫዬ በሰጋቱራ ተደፍኖ ስገባ ግን የጎደለ ካሽ የለብኝም፤ መሳቢያው ካልገጠመ አውጥቼ ብርጭቆ ወረቀት አስነካውና ይገባል። በዓመታት የባንክ ሥራዬ ውስጥ አውጥቼ ላስተካክለው የምችለው ነገር አልነበረም።

አብረን ቤት የተከራየን አናጺ ግን፣ ዕድሜ ይስጠውና፣ ይህን ደስታዬን አየና የንግድ ፈቃዱን ነገር አነሣብኝ። በየዓመቱ ይታደሳል አለኝ። ይታደስ አልኩት። ለማሳደስ ከገቢዎች የግብር ክሊራንስ ታመጣለህ አለኝ። መላጊያዬን አስቀመጥኩ። «ምን ታመጣለህ አልከኝ?» ደገመው። «ቢሰለቸኝና ልዝጋው ብልስ?» አልኩት። «ለመዝጋትማ ዋናው እሱ አይደል?» አለኝና ጣውላውን መለካቱን ቀጠለ።

ስለዚህ ልመናዬን አሻሽዬ አቀርባለሁ። ፈጽመው ይልቀቁኝ ማለቱ እንደማያዋጣ ተረድቻለሁ። የባንክ ቤቱን ብቻ ይጨርሱልኝና በሐምሌ በገቢዎች በኩል እንገናኝ። እስከዚያ ለእርስዎ የሚሆን አንድ የፋይል መደርደሪያ በነፃ ልሠራልዎ ፈቃደኛ ነኝ፤ የንብረት መለያ ቁጥሩን ከጀርባው እኔው እቀርጽበታለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የቀድሞ ገንዘብ ያዥ፣ የወደፊት አናጺ
(ፊርማ አለው፤ ማኅተሙ ያለባት ልጅ አልተመለሰችም)

ግልባጭ፡-
ለኦዲት (ፋይናንስ ሲፈርም የሚሰጥ)
ለፋይናንስ (ኦዲት ሲፈርም የሚሰጥ)
ለማሽን ሻጩ፣ መርካቶ
ለአጎቴ፤ አልወረደም