እናት አባቶቻችሁን ወንበር ላይ አታስቀሯቸው

የድሬ ልጆች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው።

ከለገሃሬ ቀፊራ ገበያ ባጃጅ። ዳቦ ለመግዛት ባጃጅ። ለቅሶ ለመድረስም፣ ሁለት ቅያስ ለማትሞላ መንገድ፣ ባጃጅ። ምሳ ከተበላ በኋላ ፍራሽ ላይ ጋደም ይባልና በርጫው ይጀመራል፤ እስኪመሽ ማን ይነሳል? ሙቀቱን አውቀዋለሁ። በቀትር ፀሐይ ተራመዱ የሚላችሁ የለም። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ በከዚራ ዛፎች ሥር መሄድን ግን ማን ከለከላችሁ?

የራሳችን ስንፍና ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ። የሚያንገበግበኝ ወላጆቻችንን የያዝንበት መንገድ ነው። እናት ዘንቢሏን ይዛ ገበያ ልትወጣ ስትል ልጅ ከእጇ ይቀማታል። «እማዬ፣ አንቺ ቁጭ በይ፤ እኛ አለንልሽ» ይላታል። በር ላይ የፕላስቲክ ወንበር ይወጣላታል። ጠዋት የተቀመጠች ማታ ትነሳለች። ቀፊራ ወርዳ ከነጋዴ ጋር መከራከሩ፣ ሒሳብ መያዙ፣ መንገድ ላይ ከጎረቤት ጋር ቆማ ማውራቱ ሁሉ ቀረ። ከዚያ ነገር መርሳት ስትጀምር «ጃጅታ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ይሄ ማክበር አይደለም።

መርሳት ሁሉ የእርጅና ፀባይ አይደለም። አልዛይመር የአንጎል በሽታ ነው። ቀድሞ ከሚጎዳቸው ክፍሎች አንዱ ሂፖካምፐስ ይባላል፤ አዲስ ነገር የምንይዘው በእሱ ነው። ታማሚው የልጅነት ጓደኛውን እያስታወሰ የዛሬ ቁርሱን የሚረሳውም ለዚህ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ ጥናት 120 ጤነኛ አረጋውያንን ለአንድ ዓመት ተከታትሏል። ግማሾቹ በሳምንት 3 ቀን፣ እስከ 40 ደቂቃ ድረስ ፈጠን ብለው ተራመዱ። ሌሎቹ ሰውነታቸውን ብቻ አፍታቱ። የተራመዱት ሂፖካምፐሳቸው 2 በመቶ ያህል አደገ፤ የሌሎቹ ቀነሰ። በዚያ ዕድሜ ይህ ትልቅ ነገር ነው! ልብ ጠንክሮ ሲመታ ደም ወደ አንጎል በደንብ ይደርሳል፤ የነርቭ ሴሎችን የሚንከባከብ ፕሮቲንም ይጨምራል። ግፊትና ስኳር ይቀንሳሉ፤ ሁለቱም ለመርሳት በሽታ የሚያጋልጡ ናቸው።

አልዋሻችሁም፤ መራመድ በሽታውን አያድንም። አንዴ የገባበት ሰው ላይ የጠፋውን ትዝታ አይመልስም። በሽታው ግን ምልክቱ ከመታየቱ ከብዙ ዓመት በፊት ነው አንጎል ውስጥ የሚጀምረው። ስለዚህ ይህ ተግሳጽ ለሽማግሌዎቹ ብቻ አይደለም። አንተ የአርባ ዓመቱ፣ ቦርጭህን ታቅፈህ ፍራሹ ላይ የተጋደምከው፣ ላንተም ነው።

ሩጡ አላልኩም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። እያወራችሁ መሄድ የምትችሉበት፣ ለመዝፈን ግን ትንፋሽ የሚያጥርበት ፍጥነት በቂ ነው። የልብ ሕመም ያለበት ወይም ሲራመድ ደረቱን የሚይዘው ሰው መጀመሪያ ሐኪም ያማክር። ለእናታችሁ የማያንሸራትት ጫማ ግዙላት። ዘንቢሉን መልሱላት፤ ከከበዳት እናንተ ተሸክማችሁ አብራችኋት ውረዱ። ባጃጁ ሲመለስ ይደርሳል።