የካውንዳ ነጭ መሀረብ

የዛምቢያው የነጻነት መሪ ኬኔት ካውንዳ በ97 ዓመታቸው ያረፉት በ2021 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። “ካውንዳ እስከ መጨረሻው የሰላማዊ ትግል ሰው ነበሩ” በሚለው ሐሳብ ላይ አንድ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህርና አንዲት ወጣት ጋዜጠኛ እንዲህ ተጻጽፈዋል።

መምህሩ፦

ካውንዳን የማያውቅ ሰው እንኳ መሀረባቸውን ያውቃል። ነጭ ናት፣ ከእጃቸው አትለይም። ቺንሳሊ አጠገብ ሉብዋ በሚባል ሚስዮን የአስተማሪ ልጅ ሆነው ተወለዱ። ኋላ ራሳቸውም አስተማሪ ሆኑ። (ይህን ስጽፍ ትንሽ ደረቴ ይነፋል፣ አልደብቅም።)

በዚያ ዘመን ጥቁር ሰው ሥጋ ቤት ገብቶ አይገዛም ነበር። ውጭ ቆሞ በግድግዳ ቀዳዳ የሚሰጠውን ጥቅልል ይቀበላል። አይመርጥም፣ አያይም። ሕዝቡ አንገዛም ብሎ አደመ። ካውንዳም ያኔ ቀይ ሥጋን እርም አሉ። ድንጋይ አልወረወሩም፤ መንገዳቸው የጋንዲ ነበር። በ1955 ታሰሩ፣ በ1959 ደግመው ታሰሩ። በ1964 አገራቸውን ነጻ አወጡ። እጃቸው እንደ መሀረባቸው ነጭ ነው፤ የአንድ ሰው ደም የለበትም።

ጋዜጠኛዋ፦

የአንድ ሰው? ጋሼ፣ እውነት እንደዚያ ብለው ጻፉ?

በዚያው በ1964፣ ነጻነት ሊታወጅ ጥቂት ወራት ሲቀሩ፣ አሊስ ሌንሺና የመሠረተችው የሉምፓ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ፖለቲካ ውስጥ አንገባም አሉ። ከካውንዳ ፓርቲ ሰዎች ጋር ተገዳደሉ። ወታደር ዘመተባቸው። ከ700 በላይ ሰው አለቀ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ማን ነበር? ካውንዳ። ሌንሺናም የዚያው የቺንሳሊ ልጅ ናት።

በ1961ስ? ቻ ቻ ቻ የተባለው የፓርቲያቸው ዘመቻ ስሙ የዳንስ ነው፣ ሥራው ግን መንገድ መዝጋት፣ ድልድይ መስበር፣ ትምህርት ቤት ማቃጠል ነበር። ድልድዩ የተሰበረው በጸሎት ነው?

መምህሩ፦

በመጀመሪያ፣ ልጄ፣ 97 ዓመት የኖረ ሽማግሌ “ማን ነበር” አይባልም። “ማን ነበሩ” ይባላል።

ሁለተኛ፣ በሉምፓ ጊዜ የእንግሊዝ ገዥ ገና ከወንበሩ አልተነሳም ነበር። የቻ ቻ ቻ እሳት የተነሳውም ከሕዝቡ ምሬት ነው እንጂ ከካውንዳ ክብሪት አይደለም።

ደግሞ ሰው የሚለካው በአንድ ክፉ ወር አይደለም። በ1991 ምን እንዳደረጉ ለምን አልጻፍሽም? ምርጫ ተሸነፉ። ከመራጩ ሩብ የማይሞላው ነው የመረጣቸው። ጦሩም ፖሊሱም ከ27 ዓመት በኋላ በእጃቸው ነበር። አንድ ጥይት ሳይተኮስ ለአሸናፊው ለቺሉባ አስረክበው ወጡ። በእኛ አህጉር ይህን ያደረገ ስንት ነው? የሰላማዊ ሰው ፈተናው አወራረዱ ነው።

ጋዜጠኛዋ፦

እሺ፣ “ነበሩ” እላለሁ። 700ዎቹ ግን በአንቱታ አይነሱም።

ርዕሱ መቼ ነው የተቀየረው? እኛ የተነሳነው ስለ ትግላቸው ነው፤ አሁን ስለ አወራረዳቸው ሆነ። ይሁን፣ እከተልዎታለሁ። በ1990 የበቆሎ ዱቄት ዋጋ ሲጨምር ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፣ ሰው ሞተ። ወዲያው መፈንቅለ መንግሥት ተሞከረ። ምርጫው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዱቄቱ ባይገፋቸው ይወርዱ ነበር?

ካፕዌፕዌንም ረሱት። የልጅነት ጓደኛቸው፣ የትግል ባልደረባቸው፣ ምክትል ፕሬዚዳንታቸው። በ1971 ሌላ ፓርቲ አቋቋመ፣ በ1972 አሰሩት። በዚያው ዓመት አገሪቱ ባለ አንድ ፓርቲ ሆነች። በነጭ መሀረብ ተጠቅልሎ የታሰረ ሰው እስረኛ አይባልም ማለት ነው?

መምህሩ፦

ስላቅሽን ለሌላ ጊዜ አቆይልኝ። ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩትን በአንዲት መሀረብ ልታስጥይኝ ነው።

ዙሪያቸውን እይ እስቲ። ሮዴዥያ (የዛሬዋ ዚምባብዌ)፣ አንጎላ፣ ሞዛምቢክ፣ ደቡብ አፍሪካ፤ በአራቱም እሳት። በ1962 አዲስ አበባ ላይ ማንዴላና ካውንዳ ተገናኝተው መክረዋል። ማንዴላ በዚያው ዓመት ኮልፌ ተመልሶ የጦር ትምህርት ወሰደ። ካውንዳ ግን ለራሳቸው ጠመንጃ አላነሱም። ለተሰደዱት ሉሳካን ከፈቱ፣ የማንዴላ ድርጅት ኤኤንሲ ዋና መሥሪያ ቤቱን እዚያ አደረገ። ለዚህ ደግሞ የሮዴዥያ አውሮፕላን በ1978 ግዛታቸው ድረስ መጥቶ ደበደበ። ሕዝባቸው በጎረቤት ነጻነት ተራበ። ይህን ከካፕዌፕዌ ጋር በአንድ ሚዛን ታስቀምጪዋለሽ?

ጋዜጠኛዋ፦

ይሄኛው ጥሩ ነው፣ ጋሼ። ቀድመው ይህን ቢጽፉ ኖሮ ዝም እል ነበር።

ግን ልብ ይበሉ፣ አሁን የሚያመሰግኗቸው የታጠቁ ሰዎችን ስላስጠለሉ ነው። ካውንዳ ራሳቸው በ1980 ባሳተሙት መጽሐፍ የጋንዲ መንገድ ሁሉ ቦታ እንደማይሠራ፣ አቋማቸው እንደተለወጠ ጽፈዋል። ባለቤቱ ያመነውን እርስዎ ይክዳሉ?

መምህሩ፦

አልካድኩም። “የአንድ ሰው ደም” ያልኩትን ሰርዥው፤ ቸኩዬ ነው። ሥጋ ቤቱን ግን አትንኪብኝ።

ጋዜጠኛዋ፦

ሥጋ ቤቱን ማን ነካው? ስለ ሉምፓ ግን የእንግሊዙን ገዥ ጠርተው ካለፉ በኋላ አንድ መስመር አልጨመሩም።