የሥራ ገበያችን የደመወዝ ወለል ያስፈልገዋል

በየበጀት ዓመቱ መዝጊያ ይህን ያህል ዜጎች የሥራ ዕድል ተፈጠረላቸው የሚል ሪፖርት እንሰማለን። ሪፖርቱ የማይነግረን፣ ሥራ ያገኘው ሰው በወሩ መጨረሻ እጁ የሚገባው ገንዘብ የቤት ኪራዩንና የዕለት ምግቡን ይሸፍንለት እንደሆነ ነው። በኢትዮጵያ የግሉ ዘርፍ ይህን ጥያቄ መመለስ የሚያስቸግረው፣ አሠሪው ከዚህ በታች መክፈል አይችልም የሚል በሥራ ላይ የዋለ የደመወዝ ወለል ባለመኖሩ ነው።

ሕጉ ጉዳዩን አልዘነጋውም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 55፣ የመንግሥት፣ የሠራተኞችና የሌሎች ባለድርሻ አካላት ተወካዮች የሚገኙበት የደመወዝ ቦርድ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንደሚቋቋም፣ ቦርዱም በጥናት ላይ ተመሥርቶ ዝቅተኛውን ደመወዝ በየጊዜው እንደሚከልስ ይደነግጋል። በዚያው አዋጅ ለአሠሪዎች የሚመቸው የሙከራ ጊዜ ከ45 ቀን ወደ 60 የሥራ ቀናት አድጎ ወዲያው ሥራ ላይ ሲውል፣ ሠራተኛው የሚጠብቀው ወለል ግን ከነጋሪት ጋዜጣ ገጽ አልወረደም።

ወለል ቢወሰን ባለሀብቱ ይሸሻል የሚለው ሥጋት ከቁም ነገር የሚቆጠር ነው፤ ሥራ ፈላጊ በበዛበት አገር ፋብሪካ መዝጋት ቀላል ጉዳይ አይደለም። ነገር ግን የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክን ልምድ እንመልከት። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት እንዳመለከተው፣ የፓርኩ ጀማሪ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ገደማ ነበር፤ ይህም ጥናቱ ካነጻጸራቸው ልብስ አምራች አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው ነው። ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች አንዲት ጠባብ ክፍል ለሦስትና ለአራት ተከራይተው፣ ኪራዩን ከከፈሉ በኋላ ለቤተሰብ የሚልኩት ቀርቶ ለራሳቸው ቀለብ የሚበቃ አይተርፋቸውም ነበር። ውጤቱም ፋብሪካዎቹ በአማካይ በ12 ወራት ውስጥ የሠራተኛቸውን ቁጥር ያህል ሰው በአዲስ ለመተካት መገደዳቸው ነው። ስፌት ያስለመዷት ልጅ እጇ ሲፈታ ትለቃለች፤ ሥልጠናው ከሀ ይጀመራል። ርካሽ የተባለው ጉልበት በዚህ መንገድ ለባለሀብቱም ውድ ይሆናል። በኋላ በርካታ ሠራተኞች ከሥራ የተፈናቀሉትም ደመወዝ ከፍ ብሎ ሳይሆን፣ አሜሪካ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም ምርትን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ገበያ ከማስገባት ዕድል፣ ተጠቃሚነት በማገዷ ነበር።

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ጉዳዩ ይበልጥ አጣዳፊ ሆኗል። የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው የባንክ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ደረሰ። መንግሥት የኑሮውን ጫና ተረድቶ የራሱን ሠራተኞች መነሻ ደመወዝ ከ1,100 ወደ 4,760 ብር፣ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ወደ 6,000 ብር ከፍ አድርጓል። የሚያስመሰግን እርምጃ ነው። ይሁን እንጂ በዚያው ገበያ ዘይትና ጤፍ የሚሸምቱት የአበባ እርሻ ሠራተኛ፣ የሆቴል አስተናጋጅና በኤጀንሲ በኩል የተቀጠረ የጥበቃ ሠራተኛ ይህ ጭማሪ አይመለከታቸውም። ጠንካራ የሠራተኛ ማኅበር ያለበት ድርጅት በኅብረት ስምምነት ሊደራደር ይችላል፤ ማኅበር የሌለው ግን አሠሪው የሰጠውን ይቀበላል። የቤት ሠራተኞች ጉዳይማ አዋጁ ራሱ ወደፊት በሚወጣ ደንብ እንዲታይ የተወው በመሆኑ፣ ብቻውን ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።

የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የቦርዱን ደንብ ማስጸደቅን ከሥራ ዕድል ፈጠራ ዕቅዱ እኩል ሊይዘው ይገባል። ለሁሉም ዘርፍ አንድ ቁጥር መወሰን ከባድ ከሆነ በጨርቃ ጨርቅ፣ በአበባና በጥበቃ አገልግሎት መጀመር ይቻላል። የዋጋ ንረት ዛሬ የተወሰነውን ወለል በዓመቱ ዋጋ ስለሚያሳጣው፣ የክለሳው ጊዜ በደንቡ ውስጥ በግልጽ መቀመጥ አለበት፤ ወለሉን የሚያስከብሩት የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎችም የደመወዝ መክፈያ ሰነድ የመመርመርና ጥሰት ሲያገኙ የማስቀጣት አቅም ሊኖራቸው ይገባል።