መድኃኒት አልተከለከለም፤ የሚከፈልበት ባንክ ግን የለም

«ምግብና መድኃኒት በማዕቀቡ ውስጥ የሉም።» ስለ ኢራን ጥያቄ በተነሳ ቁጥር ከዋሽንግተን የሚመጣው መልስ ይህ ነው። ወረቀቱ ላይ እውነት ነው። ግን መድኃኒት የሚገዛው ኤልሲ (ባንክ ለሻጩ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና ሰነድ) ተከፍቶ፣ ባንክ ከባንክ ተጻጽፎ፣ ገንዘብ ተላልፎ ነው። የተቆረጠውም እዚያ ላይ ነው።

ባንክ ሜሊን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1928 ቴህራን ውስጥ ሥራ የጀመረ የመንግሥት ባንክ ነው። አሜሪካ በጥቅምት 2007 ማዕቀብ የጣለችበት ለኒውክሌርና ለሚሳይል ፕሮግራም ግዢ አገልግሏል፣ ከአገር ውጭ ለሚሠራው የኢራን አብዮታዊ ዘብ ክንፍ፣ ለቁድስ ኃይልም ገንዘብ አስተላልፏል ብላ ነው። ክሱ ቀላል አይደለም፤ ማጣራቱም ተገቢ ነው። ግን የመድኃኒት አስመጪውም የሚሠራው ከእንዲህ ዓይነት ባንኮች ጋር ነው።

የአስመጪው ባንክ ኤልሲውን በስዊፍት፣ ማለትም ባንኮች መልእክት በሚለዋወጡበት ዓለም አቀፍ መረብ ይልካል። ከሻጩ ባንክ ጋር ቀጥታ ግንኙነት ከሌለው ኮረስፖንደንት የሚባል አገናኝ ባንክ መሃል ይገባል። ክፍያው በዶላር ከሆነ ኒውዮርክ ላይ ማለፉ አይቀርም፤ ይህ መንገድ ከኅዳር 2008 ጀምሮ ለአብዛኛው የኢራን ክፍያ ዝግ ነው። በዩሮ ይሁን ሲባል ደግሞ ስዊፍት በመጋቢት 2012 በአውሮፓ ኅብረት ዝርዝር ውስጥ የገቡትን የኢራን ባንኮች ቆረጠ። ኢራን ከኃያላን አገሮች ጋር የኒውክሌር ስምምነት ካደረገች በኋላ በ2016 ተመለሱ፤ ትራምፕ ከስምምነቱ ከወጡ በኋላ በኅዳር 2018 ብዙዎቹ እንደገና ተቆረጡ።

መስመሩ ላልተቆረጠበትም ቢሆን ፍርሃቱ ይበቃል። የፈረንሳዩ ባንክ ቢኤንፒ ፓሪባ ለሱዳን፣ ለኢራንና ለኩባ በሠራው ሥራ በ2014 ለአሜሪካ ወደ 8.9 ቢሊዮን ዶላር ቅጣት ከፍሏል። ይህን ያየ የአውሮፓ ባንክ ለአንድ ጭነት መድኃኒት ኮሚሽን ሲል የኒውዮርክ ሂሳቡን አደጋ ላይ አይጥልም። ሕጉ ቢፈቅድለት እንኳ የራሱ የሕግ ክፍል አይፈቅድለትም።

ፍርሃቱ ከባንክም አልፏል። የባንክ ሜሊ ሐምቡርግ ቅርንጫፍ በወር 2,000 ዩሮ ገደማ የሚከፍልበትን የስልክና የኢንተርኔት ውል የጀርመኑ ኩባንያ ቴሌኮም ዶይችላንድ በኅዳር 2018 አቋረጠበት። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ኩባንያዎች ይህን የአሜሪካ ማዕቀብ እንዳያከብሩ ስለሚከለክል ጉዳዩ እስከ ኅብረቱ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በታኅሣሥ 2021 ፍርድ ቤቱ፣ ውሉ የተቋረጠው የአሜሪካን ማዕቀብ ለማክበር መስሎ ከታየ አለመሆኑን የማስረዳት ሸክሙ የኩባንያው ነው አለ። ስልክ ለማስቀጠል ሦስት ዓመት!

በባንክ ያልሆነለት አስመጪ ወደ ዱባይ ሀዋላ፣ ማለትም ከባንክ ውጭ ገንዘብ ወደሚያስተላልፉ ነጋዴዎች ይዞራል። እዚያ ደግሞ ሌላ ችግር አለ፦ ኢንቮይሱ (የሽያጭ ደረሰኙ) ላይ ያለው ገዢ የቴህራን ኩባንያ፣ ገንዘቡን የላከው ግን ሻጩ ሰምቶት የማያውቅ ድርጅት ይሆናል። ሻጩ ተጠራጥሮ ገንዘቡን ይመልሳል፤ ጭነቱም ይቆማል። የሀዋላው ኮሚሽንና የምንዛሪው ልዩነት ዞሮ ዞሮ በሽተኛው ላይ ያርፋል።

በትንሽ ንክኪ ቆዳቸው የሚላጥ ሕፃናት አሉ፤ ሕመሙ በዘር የሚተላለፍ ነው። ተራ ፋሻ ሲነሳ ቆዳቸውን ይዞ ይነሳል፤ ስለዚህ የማይጣበቅ፣ ስፖንጅ መሰል ፋሻ ያስፈልጋቸዋል። ለኢራን ይህን ያቀርብ የነበረ አንድ የስዊድን አምራች ከ2018ቱ ማዕቀብ በኋላ ሽያጩን አቆመ። ፋሻ በየትኛውም የማዕቀብ ዝርዝር ላይ የለም።

ቴህራንም ከተጠያቂነት አታመልጥም። ጀርመን፣ ፈረንሳይና ብሪታኒያ በጥር 2019 ኢንስቴክስ የተባለ የክፍያ መስመር አቋቁመው ነበር፤ በ2020 አንድ የሕክምና ዕቃ ግዢ ብቻ አስፈጽሞ በ2023 ተዘጋ። መሥራቾቹ እንደሚሉት ያሰናከለችው ራሷ ኢራን ናት።

በመስከረም 2025 የተባበሩት መንግሥታት ማዕቀብም ተመልሷል። እንግዲህ ማዕቀብ የሚጥል አካል «መድኃኒት ይፈቀዳል» ብሎ ብቻ አይተው። ክፍያው በየትኛው ባንክ፣ በየትኛው ገንዘብ፣ በየትኛው ሰነድ እንደሚያልፍ በስም ይጻፍ። ያ ባንክ እንደማይቀጣም አስቀድሞ በጽሑፍ ዋስትና ይሰጠው። ኢራንም በዚያ መስመር ምን ያህል መድኃኒት እንደገባና በስንት እንደተሸጠ በየጊዜው ታሳውቅ።