ስማቸው የተጻፈላቸውና ያልተጻፈላቸው

አሜሪካኖች ቅድመ አያቶቻቸው በመርከብ የመጡበትን ታሪክ ሲያነሱ ኩራታቸው ፊታቸው ላይ ይነበባል። ኒውዮርክ ወደብ ያለችው ኤሊስ ደሴት ከ1892 እስከ 1954 እ.ኤ.አ. ወደ 12 ሚሊዮን ስደተኞችን ተቀብላለች። በዝቅተኛው ማዕረግ ተጭኖ የመጣው ድሃ ደሴቷ ላይ ወርዶ ይሰለፋል። ሐኪሙ የዓይኑን ቆብ ገልብጦ ትራኮማ ይኖርበት እንደሆነ ያያል፤ ከተጠራጠረው ኮቱ ላይ በጠመኔ ምልክት ያደርግበታል። የአንደኛና የሁለተኛ ማዕረግ ተሳፋሪ ግን እዚያው መርከቡ ላይ ታይቶ ያልፋል፤ የድሃና የባለገንዘብ መንገድ ያኔም ለየቅል ነበር። ያም ሆኖ ተከልክሎ የተመለሰው ከመቶ ሁለት ያህሉ ነው። አብዛኛው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ጉዳዩን ጨርሶ ወጥቷል።

እኔን ከዚህ ሁሉ የሚያስቀናኝ መዝገቡ ነው። የመርከብ ኩባንያው ከጀርመኑ ሐምቡርግ ወይም ከጣሊያኑ ኔፕልስ ወደብ ሳይነሳ ተሳፋሪውን አንድ በአንድ የመመዝገብ ግዴታ ነበረበት፦ ስም፣ ዕድሜ፣ ሙያ፣ ማንበብ ይችል እንደሆነ፣ ቲኬቱን ማን እንደገዛለት፣ ስንት ዶላር እንደያዘ፣ ማን ዘንድ እንደሚሄድ፣ በኋላም አገር ቤት የቀረው የቅርብ ዘመዱ ማን እንደሆነ። ይህን የሚያደርገው በደግነት አልነበረም። የተከለከለውን ሰው በራሱ ወጪ መመለስ ስላለበት፣ በሽተኛ ካመጣም ስለሚቀጣ ነው። ዛሬ የዚያ ጣሊያናዊ ዘር ገጹን በኮምፒውተር ከፍቶ፣ ቅድመ አያቱ የትኛው ሰፈር ወደሚኖር ወንድሙ እንደሄደ ያነባል።

ለሁሉም ግን እንዲህ አልነበረም። በባርነት ተጭነው የተሻገሩት አፍሪካውያን አብዛኞቹ በቁጥር እንጂ በስም አልተመዘገቡም። የብዙዎቹ ልጆችና የልጅ ልጆች በአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ በስማቸው የሰፈሩት ገና በ1870 ነው።

እኛ አሜሪካ የገባነው በአብዛኛው በአውሮፕላን ነው። በመርከቡ ዘመን የወጣው የ1924ቱ እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የስደተኞች ኮታ ሕግ ለጀርመን በዓመት 51,227 ሰው ሲፈቅድ ለኢትዮጵያ የመደበው 100 ብቻ ነበር። ባሕሩን ዛሬ የሚሻገረው የወሎና የጅማ ወጣት ነው፤ ከጅቡቲ ኦቦክ ወይም ከሶማሊያ ቦሳሶ ተነስቶ ወደ የመን፣ ከዚያም ወደ ሳዑዲ። ጀልባው ላይ የሚጭነው ደላላ መዝገብ አይዝም፣ ለማንም አይጠየቅም። የመን ሲደርሱ የሚያግቱት ሰዎች የሚፈልጉት የእናቱን ስልክ ቁጥር ነው፤ ደውለው ማስለቀቂያ ገንዘብ ይጠይቁበታል። ጀልባው የሰጠመ እንደሆነ ደግሞ ዜናው የሟቾቹን ቁጥር ተናግሮ ያልፋል። እናት የልጇ ስም ከዚያ ቁጥር ውስጥ ይኑር አይኑር የሚነግራት የለም። ለቅሶ አትቀመጥ፣ እርሟን አታወጣ፤ ስልኩ በጠራ ቁጥር እንደደነገጠች ዓመታት ይነጉዳሉ።

ሰባት ቤት ድረስ ዘሩን የሚቆጥር ሕዝብ እንዲህ ያለ ጉዳይ እንዴት እንደተወው ያሳዝነኛል። ዕድሮቻችን ለድንኳንና ለወንበር እንኳ መዝገብ አላቸው። ልጅ ከቀበሌው ሲወጣ ስሙን፣ የወጣበትን ቀን፣ አብረውት የሄዱትን፣ ሰውነቱ ላይ ያለውን ምልክትና መጨረሻ የደወለበትን ቦታ ጽፎ ከፎቶው ጋር ማስቀመጥ ለአንድ ዕድር፣ ለአንድ መስጊድ ወይም ለአንድ ሰበካ ጉባኤ ከባድ ሥራ አይደለም። ዋሽንግተንና አካባቢው ያለነውም ለቤተ ክርስቲያን ሕንፃ መግዣ ስንት ገንዘብ እናዋጣለን፤ ይህን ዝርዝር ከየወረዳው አሰባስቦ ለቀይ መስቀልና ለቀይ ጨረቃ ማድረስ አያቅተንም። ከወሎ አንድ ወረዳ መጀመር ይቻላል።