ማስተካከያ፦ የሙያ ማኅበሩ መሥራቾች ቁጥር
ባለፈው ሳምንት፣ በድሬዳዋና በሐረር ልጆችን ከዛፍ ሥር የምናስተምር ባለሙያዎች የሙያ ማኅበር እናቋቁም ብዬ ስጽፍ፣ ቢያንስ 20 መሥራቾች ያስፈልጋሉ ብዬ ነበር። ስሕተት ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ማኅበርን የሚተረጉመው 5 ወይም ከዚያ በላይ በሆኑ አባላት የሚመሠረት፣ ጠቅላላ ጉባኤው የበላይ አካሉ የሆነ ድርጅት አድርጎ ነው።

በጽሑፌ ምክንያት አንዲት መምህርት «ሰው አልሞላልንም» ብለው የመሥራቾቹን ዝርዝር አጥፈው አስቀምጠውት ነበር። 7 ስም አለበት! ይበቃል። እኚህ መምህርት ድሬዳዋ ውስጥ ደቻቱ ወንዝ ዳር ልጆቹን ዐይናቸውን አስጨፍነው የግራሩን ቅርፊት በጣታቸው እያስዳሰሱ ነው የሚያስተምሩት፤ ሥራቸው በእኔ የተሳሳተ ቁጥር መዘግየት አልነበረበትም። ይቅርታ እጠይቃለሁ። አሁን የመተዳደሪያ ደንቡን ረቂቅ እንጀምር። የቀድሞውን ጽሑፍ ያጋራችሁ፣ እባካችሁ ይህንንም አጋሩ።